የዝናብ ክምር፦ የነጎድጓድ ደመና አነሳሱና ይዞት የሚመጣው

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት የክረምት ወራት የኢትዮጵያ ደጋ ሰማይ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሥርዓት ተከትሎ ይውላል፤ ጠዋት በሸለቆው የተኛው ጉም ፀሐይ ሲነካው ይገፈፋል፣ ረፋዱ ላይ በተራሮች አናት የተባዘተ ጥጥ የመሰሉ ትንንሽ ደመናዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፣ ቀትር ሲያልፍ እነዚሁ ደመናዎች ሽቅብ ተቆልለው ግርጌያቸው ይጠቁራል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜም ነጎድጓድ፣ ዶፍ፣ አንዳንዴም በረዶ ይወርዳል። ይህ ሥርዓት ለነዋሪው ከመለመዱ የተነሳ ምክንያቱን የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። ሆኖም በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሰማይ ላይ የሚሠራው ነገር በተፈጥሮ ከሚታወቁት ታላላቅ የሙቀት ሞተሮች አንዱ ነው፤ ደጋውም ዝናቡን ተንጋሎ የሚቀበል መሬት ብቻ ሳይሆን ራሱ የሞተሩ አንድ ክፍል ነው።

የነጎድጓድ ደመና በሳይንሳዊ ስሙ ኩሙሎኒምበስ ይባላል። ደመናን በላቲን ስሞች የመመደብን ዘዴ በ1802 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ሉክ ሃዋርድ የተባለ የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን፣ ኩሙለስ ማለት ክምር፣ ኒምበስ ማለት ደግሞ ዝናብ አዘል ደመና ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት በኋላ ተጣምረው ይህን ግዙፍ ደመና መሰየሚያ ሆኑ። በአውድማ ዳር የተከመረ ጤፍ ያየ አማርኛ ተናጋሪ ለላቲኑ ስም እንግዳ አይሆንም፤ እንዲያውም «የዝናብ ክምር» የሚለው ቃል ለቃል ፍቺ በትምህርት መጻሕፍት ከሚገኙት ረጃጅም ስያሜዎች ሁሉ የተሻለ ነገሩን የሚገልጽ ይመስላል።

ክምሩ እንዲከመር ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው፦ በቂ እርጥበት፣ ሽቅብ ለመውጣት ያቆበቆበ ያልረጋ አየር፣ እንዲሁም ይህን አየር ከመሬት የሚያስነሳ ግፊት። ደጋው ከውቅያኖስ የራቀ ቢሆንም እርጥበት ከብዙ አቅጣጫ ይደርሰዋል፤ በክረምት የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት የሐሩር ክልል ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲሸጋገር፣ በኮንጎ ተፋሰስ ደኖች ላይ ያለፈ እርጥብ አየር ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይገባል፣ የህንድ ውቅያኖስና የቀይ ባሕርም እንፋሎት ይጨመርበታል፤ በበልግ ደግሞ ዋናው አቅራቢ የህንድ ውቅያኖስ ነው። ግፊቱን የሚሰጠው ራሱ ተራራው ነው። ፀሐይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ቁልቁለት ስታሞቅ ቁልቁለቱን የነካው አየር ይሞቃል፤ በዚያው ከፍታ ላይ፣ ነገር ግን ከቆላው በላይ በባዶ ሰማይ የሚንሳፈፈው አየር ግን የሚነካው መሬት ስለሌለ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። የሞቀው ከቀዘቀዘው ስለሚቀል ከገደሉ አፋፍ ወደ ላይ ይነሳል፤ በረፋድ የመጀመሪያዎቹ ደመናዎች ከሜዳው ይልቅ በእንጦጦ ወይም በጉና አናት ላይ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ላይ የሚወጣ አየር በዙሪያው ያለው ግፊት ስለሚቀንስለት ይለጠጣል፣ በመለጠጡም ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ገና እንፋሎት በሆነበት ደረጃ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ያጣል። ቅዝቃዜው አየሩ እንፋሎቱን መያዝ ወደማይችልበት መጠን፣ ማለትም የጤዛ ነጥብ ወደሚባለው ሙቀት ሲደርስ፣ እንፋሎቱ በአየር ውስጥ ባሉ የአቧራ፣ የጭስና የባሕር ጨው ብናኞች ላይ እየተለጠፈ ደቃቅ ጠብታ ይሆናል፤ ደመና ማለትም የእነዚህ ጠብታዎች ክምችት ነው። በመሬት ደረጃ ያለው ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የጤዛው ነጥብ ደግሞ 12 ዲግሪ ቢሆን ደመናው የሚጀምረው ከመሬት 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። በአንድ አካባቢ የሚነሳው አየር ሁሉ ወደ ጤዛ ነጥቡ የሚደርሰው በተቀራራቢ ከፍታ ስለሆነ፣ አናቱ የቱንም ያህል የተጎነጎነ ቢሆን የክምሩ ግርጌ በገመድ እንደተለካ ቀጥ ያለ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው ተራውን ደመና ከነጎድጓድ ደመና የሚለየው። ውሃ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ ያ ሙቀት አይጠፋም፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እንፋሎቱ እንደገና ወደ ውሃ ሲለወጥ ይለቀቃል፤ ድብቅ ሙቀት የሚባለውም ይህ ነው። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ጠብታ ሲሆን የሚለቀው ሙቀት 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከ7 ሊትር በላይ ውሃ ከ15 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል (በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው)። ይህ ሙቀት በደመናው ውስጥ ስለሚቀር፣ እየወጣ ያለው አየር በየ1,000 ሜትሩ የሚያጣው ሙቀት ወደ 5 ወይም 6 ዲግሪ ዝቅ ይላል። በዙሪያው ያለው አየር ከዚህ በፈጠነ መጠን የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደመናው ምንጊዜም ከጎረቤቱ ሞቅ ብሎ ይገኛል፣ በውሃ ውስጥ ተደፍቆ እንደተለቀቀ ቅልም ራሱን በራሱ ሽቅብ ይወረውራል። አየሩ ያልረጋ ነው የሚባለው በዚህ ሁኔታ ሲገኝ ነው።

የኃይሉን መጠን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ የከሰዓት በኋላ ዶፍ በ10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያወርድ የወረደው ውሃ 200,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ያን ያህል እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ የተለቀቀው ሙቀት ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያለማቋረጥ በሙሉ አቅሙ ሠርቶ ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ ከሚያመነጨው ኃይል ጋር ይስተካከላል። ግድቡን የሚሞላውም ያው የደጋ ዝናብ ነው፤ ተርባይኑ ጋ የሚደርሰው ግን ውሃው ወደ ደመና ከፍ በማለቱ ካገኘው ኃይል የተረፈው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን፣ ትልቁ ሙቀት እዚያው ሰማይ ላይ ደመናውን ሲያሳድግ ያልቃል።

የሚያድገው ደመና በኃይለኛ ወጀብ ጊዜ በሰከንድ ከ30 ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሽቅብ የሚነፍስ አየር በውስጡ ይይዛል። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ራንኪን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር አብራሪ ከነጎድጓድ ደመና በላይ፣ በ14,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲበር ሞተሩ ቆሞበት በፓራሹት ለመዝለል ተገደደ፤ በጥቂት ደቂቃዎች ሊጠናቀቅ ይገባው የነበረው አወራረድም ደመናው ደጋግሞ ወደ ላይ ስለመለሰው፣ በበረዶ እየተደበደበና በመብረቅ መካከል እየተወረወረ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። በሕይወት ተርፎም የሆነውን በመጽሐፍ አቅርቧል።

ሽቅቡ ጉዞ ግን ማብቂያ አለው። በሐሩር ክልል ከባሕር ወለል 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ሁኔታ የሚለዋወጥበት የታችኛው የከባቢ አየር ክፍል (ትሮፖስፌር) ያበቃና አየሩ ከፍ በተባለ ቁጥር እየሞቀ የሚሄድበት ስትራቶስፌር ይጀምራል። ደመናው እዚህ ሲደርስ ከዙሪያው የሚሞቅ መሆኑ ይቀራል፣ ሽቅብ መሄዱን ትቶም ወደ ጎን ይዘረጋል፤ በዚህ ጊዜ አናቱ የብረት ቀጥቃጭ መስፍ የመሰለ ጠፍጣፋ ቅርጽ ይይዛል። መስፉ ሙሉ በሙሉ በረዶ ነው፣ ሙቀቱም ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የአየር ሁኔታ ትንበያ ባለሙያዎች በሳተላይት ምስል ላይ አደገኛውን ደመና ከተራው የሚለዩትም በዋናነት በዚህ የአናት ቅዝቃዜ ነው።

ደመና ኖሮ ዝናብ ላይኖር የሚችለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የጠብታውን መጠን ማየት ያስፈልጋል። የደመና ጠብታ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እጅ ያህል ነው፤ በሰከንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወርድም ቀላል ሽውታ እንኳ ይዞት ይወጣል። ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሆን አንድ ሚሊዮን የደመና ጠብታዎች መሰባሰብ አለባቸው። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ይህ የሚሳካበት ዋናው መንገድ በበረዶ በኩል ነው። ንጹሕ ደቃቅ ጠብታ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ሳይረጋ ውሃ ሆኖ መቆየት ስለሚችል፣ በደመናው መካከለኛ ክፍል ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እንፋሎቱ ደግሞ ከውሃው ይልቅ በበረዶው ላይ መለጠፍ ስለሚቀናው ጠብታዎቹ እየተነኑ የበረዶው ቅንጣት ይፋፋል። ይህን ያብራራው ስዊድናዊው ቶር ቤርዠሮን ነው። ስለዚህ በሐምሌ በደጋ ከተሞች ጣሪያ ላይ የሚወርደው ሞቅ ያለ የሚመስል ዶፍ አብዛኛው ጉዞውን የጀመረው በረዶ ሆኖ ሲሆን፣ ውሃ የሆነው በመንገድ ላይ ቀልጦ ነው።

ሳይቀልጥ መሬት የሚደርሰው በረዶ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ትልቅ የበረዶ ፍሬ አንስቶ በቢላዋ ለሁለት የከፈለ ሰው እንደ ቀይ ሽንኩርት የተነባበሩ ቀለበቶችን ያያል፤ አንዱ እንደ ወተት ነጭ፣ ቀጣዩ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ነጩ ጠብታዎቹ ፍሬውን እንደነኩ ወዲያው ረግተው አየር ያፈኑበት፣ የጠራው ደግሞ ብዙ ውሃ ባለበት ክፍል ሲያልፍ ውሃው ቀስ ብሎ ተሰራጭቶ የረጋበት ነው። ሽቅቡ ነፋስ የቱን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል የፍሬው መጠን ይናገራል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ቪቪያን በተባለች መንደር የወደቀው ፍሬ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 880 ግራም ገደማ ነበር።

የኢትዮጵያ ደጋ በረዶ ያን ያህል ትልቅ ባይሆንም ተደጋጋሚ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ደመናው ከሌላው አገር ደመና የከፋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሐሩር ክልል ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርደው ከባሕር ወለል 4,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በአፋር ቆላ፣ 500 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ዘንድ ለመድረስ የበረዶ ፍሬው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሞቃት አየር ማቋረጥ አለበት፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፍሬ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ይህ ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ውሃ ሆኖ ይደርሳል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን ርቀቱ ከግማሽ በታች ስለሆነ ፍሬው ለመቅለጥ ሦስት ደቂቃ ተኩል ብቻ ያገኛል። ደገኛው በመኖሪያው ወደ በረዶው መፈጠሪያ ቀርቦ ተቀምጧል ማለት ነው። በነሐሴና በመስከረም፣ እህሉ እሸት በያዘበት ወቅት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንዱ ማሳ ተደፍቶ ድንበርተኛው ሳይነካ የሚተርፈው ደግሞ በረዶው ከደመናው ጠባብ ክፍል ብቻ ስለሚወርድ ነው።

ነጎድጓድ ደመና ከደመና ሲጋጭ የሚሰማ ድምፅ ነው የሚለው ማብራሪያ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ይነገራል። ስህተት ቢሆንም ከእውነቱ እጅግ የራቀ አይደለም፤ የሚጋጩት ሁለት ደመናዎች ሳይሆኑ በአንዱ ደመና ውስጥ ያሉ የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በሆነበት ክፍል ቀላሎቹ ቅንጣቶች ሽቅብ ሲወጡ ከበድ ካሉት የበረዶ ፍርፋሪዎች ጋር ይላተማሉ፤ በዚህ ጊዜ ፍርፋሪው ኔጌቲቭ፣ ቅንጣቱ ደግሞ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል። ነፋሱ ቀላሉን ወደ አናት ስለሚወስደው የደመናው ላይኛ ክፍል ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ በመካከላቸው፣ እንዲሁም በደመናው ግርጌና በመሬት መካከል ያለው ልዩነት አየር ሊከለክለው ከሚችለው በላይ ሲሆን መብረቅ ይፈጠራል። አብዛኛው መብረቅ እዚያው ደመና ውስጥ ይቀራል። ወደ መሬት የሚመጣው እየቆመ እየቀጠለ፣ በየእርምጃው ሃምሳ ሜትር ያህል እየዘለለ ይወርድና ከዛፍ፣ ከጉልላት ወይም ከሰው ራስ ሊቀበለው ከሚነሳ ብልጭታ ጋር ሲገናኝ መንገዱ ይከፈታል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው በዚያ መንገድ 30,000 አምፔር ገደማ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ አየሩም ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ወደሚሆን ወደ 30,000 ዲግሪ ይሞቃል። በቅጽበት የተለጠጠው አየር ድምፅ ነው ነጎድጓድ የሚባለው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ስለሚወስድበት ብልጭታው ከታየ በኋላ የተቆጠረውን ሰከንድ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን ይሰጣል፤ ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ቀጣዩም ቆጣሪው ዘንድ ሊወርድ ይችላል።

ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚለው አባባል ግን መሠረት የለውም፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም፣ የሚመርጠው ከፍታን፣ ሹልነትንና ብቻውን መቆምን ነው። በሜዳ መካከል ያለ ዋርካ ከዝናብ ቢያስጠልልም ከመብረቅ አያስጥልም። በአንድ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ብዙ ከብቶች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ የሚታየው እያንዳንዳቸው ስለተመቱ ሳይሆን፣ ዛፉን የመታው ኤሌክትሪክ በመሬት ላይ ስለሚሰራጭ ነው፤ የከብት የፊትና የኋላ እግር ተራርቆ ስለሚቆም በሁለቱ መካከል ትልቅ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ኤሌክትሪኩ በአንዱ እግር ገብቶ በልብ በኩል አልፎ በሌላው ይወጣል። ሜዳ ላይ የተያዘ እረኛ እግሮቹን አጋጥሞ ቁጭ እንዲል የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በደንብ የተሠራ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ መግባት ነው።

ዶፉ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ሽው ይላል፣ የአፈር ሽታም ይዞ ይመጣል፤ ስጥ ያሰጣ ቤተሰብ በርበሬውን ወይም ብቅሉን ለማንሳት የሚሯሯጠው ያን ጊዜ ነው። ይህ ነፋስ ከደመናው ውስጥ የወረደ ነው። የሚወርደው ዝናብና በረዶ አየሩን ጎትቶ ያወርደዋል፤ ከጠብታው ከፊሉ ሲተን፣ በረዶውም ሲቀልጥ ደግሞ ሙቀት ስለሚወስዱ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ መሬት ሲደርስም ወለል ላይ እንደተደፋ ውሃ በየአቅጣጫው ይፈስሳል። ሽታው ሩቅ ቦታ ላይ ዝናቡ ካረጠበው አፈር የተነሳ ነው። ትውልደ ጃፓናዊው የአሜሪካ ሳይንቲስት ቴትሱያ ፉጂታ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው ይህ ቁልቁል ነፋስ አንዳንዴ በጠባብ ቦታ እጅግ በርትቶ ሊያርፍ የተቃረበን አውሮፕላን መሬት ላይ ሊጥል ይችላል።

ደመናውን የሚገድለውም ይኸው ነፋስ ነው። ሆራስ ባየርስና ሮስኮ ብራም የተባሉ አሜሪካውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 በፍሎሪዳ፣ በ1947 ደግሞ በኦሃዮ፣ የጦር አውሮፕላኖችን በየከፍታው በወጀብ ውስጥ በማሳለፍ እንዳረጋገጡት፣ አንድ የደመና ክምር ሦስት ዕድሜ አለው፤ ሽቅብ ነፋስ ብቻ ያለበት የማደጊያ ጊዜ፣ ሽቅቡና ቁልቁሉ ጎን ለጎን የሚሆኑበት የብርታት ጊዜ፣ በመጨረሻም ቀዝቃዛው አየር በግርጌው ተነጥፎ የሞቃቱን አየር ምግብ የሚያቋርጥበት የመክሰሚያ ጊዜ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከዶፉ በኋላ አመሻሽ ላይ በሰማይ የሚቀረው ስስ ነጭ ሽፋን ሥሩ የደረቀበት መስፍ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ ግን ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ሌሊት ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሙቀቱን በያዘው ሐይቅ ላይ ተገናኝቶ ሽቅብ ስለሚገፋ፣ ነጎድጓዱ የሚሰማው ሰው ከተኛ በኋላ ነው።

አንድ ክምር ቶሎ ቢሞትም የሚሠራው ጉዳት እሱ በወደቀበት ቦታ ላይቀር ይችላል። የድሬዳዋን ከተማ ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት አሸዋማ ወንዝ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች የወረደው ከባድ ዝናብ ሌሊት በዚያው አሸዋ ላይ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፣ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ቁልቁለቱ ውሃውን ስለሚያጣድፈው፣ የተራቆተ መሬትም ስለማይመጠው፣ በተራራው በወረደው ዝናብና በከተማው በደረሰው ጎርፍ መካከል ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ በእንቅልፍ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ያ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ክምር ብቻውን አይሞትም። በክረምት በመሬት አጠገብ ያለው ነፋስ ከምዕራብ ሲነፍስ ከላይ ያለው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ የአንዱ ደመና ቀዝቃዛ ፍሳሽ በፊቱ ያለውን ሞቃት አየር እንደ ማረሻ እየገለበጠ ሌላ ክምር ያስነሳል፣ ያም ሌላውን፤ በዚህ ሁኔታ ከሰዓት በኋላ በደጋው ላይ የተነሱት ደመናዎች ተያይዘው ማታውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳሉ። እዚያ ሲደርሱ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ቁልቁል ነፋሳቸው ከዝናብ ይልቅ አቧራ ያነሳል፤ ካርቱምን አንዳንዴ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያጨልማትና ሱዳናውያን ሀቡብ የሚሉት ግዙፍ የአቧራ ግድግዳ የሚፈጠረው ከእንደዚህ ዓይነት ደመናዎች ነው። ከኢትዮጵያ ደጋና ከዳርፉር ተራሮች የሚነሳው ይህ የደመና ሙቀት የምሥራቁን ነፋስ ስለሚያወዛውዘውም፣ በሳህል ላይ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ግዙፍ የአየር ሞገዶች መነሻ አንዱ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ሞገዶቹ ከቀናት ጉዞ በኋላ በሴኔጋል ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ይገባሉ፤ አብዛኞቹ በውቅያኖሱ ላይ ይከስማሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሞቃቱ ባሕር አዲስ እንፋሎት እየጠጡ መዞር ይጀምሩና፣ ስም ወጥቶላቸው ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ ጠረፍ የሚገሰግሱ ሄሪኬኖች ይሆናሉ።